ቀለቡ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ አንድ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እንቅልፍ ነሣን። መነሻው አንድ ጓደኛችን ከቤተሰቡ በስልክ የሰማው ወሬ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከሚስቱ ጋራ በፍርድ ቤት ከተፋታ በኋላ ለሁለት ልጆቹ በየወሩ ቀለብ እንዲከፍል ተወስኖበታል፤ ገንዘቡም ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲሰጥ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ደርሶታል። ጓደኛችን «ወንድሜ ተበደለ» አለ። ከመካከላችን ግማሾቹ «ሕጉ የሴት ወገን ነው» ብለው አገዙት፤ ግማሾቹ ደግሞ «ወልዶ የሚሸሽ ሁሉ ወኅኒ ሊወርድ ይገባዋል» ብለው ተነሡበት። እኔ በዚያ ሌሊት ብዙ አልተናገርሁም፤ ዝም ያልሁበትን ምክንያት ወደ ታች እገልጸዋለሁ። በማግሥቱ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሦስት ሰዓት ያህል ስንሟገት የባልን በደል አነሣን፤ የሚስትን በደል አነሣን፤ ዳኛውንም አልማርነውም። የሁለቱን ልጆች ስም ግን ከመካከላችን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ስለ ልጅ ቀለብ የሚነገረው ነገር ሁሉ የሚጣመመው ገንዘቡን ከባል ኪስ ወደ ሚስት ቦርሳ የሚሻገር ካሣ አድርገን ስለምናየው ነው ብዬ አምናለሁ። ቀለቡ የባልም አይደለም፤ የሚስትም አይደለም፤ የልጁ ገንዘብ ነው። ይህን አንድ ነገር አጥብቀን ከያዝን፣ ሕጉ የቱ ላይ ትክክል እንደ ሆነና የቱ ላይ እንደ ጎደለ ለመለየት አያስቸግረንም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ቀለብ ማለት በአገራችን ለወታደሩና ለእስረኛው፣ ለበቅሎውና ለፈረሱም ጭምር የሚሰፈረውን ምግብ ሲያመለክት የኖረ ቃል ነው። ስለዚህም አንድ አባት «ቀለብ ተቆረጠብኝ» ሲል፣ ሰሚው የሚመለከተው በየወሩ የሚሰፈር እህልን ብቻ ነው። ሕጉ ግን ከቃሉ ይሰፋል። በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ተቀባዩ የሚበላውን፣ የሚለብሰውን፣ የሚያድርበትን፣ ጤናውን የሚጠብቅበትንና እንደ ሁኔታውም የሚማርበትን በአካባቢው ልማድ መሠረት በተገቢው ሁኔታ እንዲያሟላ ያዛል። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ትግራይ፣ አማራ፣ ኦሮሚያና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

መጠኑን ለመወሰን ዳኛው ሁለት ነገሮችን በሚዛን ያስቀምጣል። በአንዱ ወገን የተቀባዩ ችግር፣ በሌላው ወገን የሰጪው አቅም ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲለወጥ ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ሥራውን ያጣ አባት እንዲቀነስለት፣ ልጇ የታመመባት እናት እንዲጨመርላት ማመልከት ትችላለች። ደግሞም ሕጉ ግዴታውን በአባት ላይ ብቻ አልጫነም። ሠርታ የምታገኝ እናትም ልጁ በአባቱ ዘንድ ቢያድግ እንዲሁ ትጠየቃለች። ልጇን ለአያቱ ትታ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄደች እናትም ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደለችም፤ አብዛኞቹም ሳይጠየቁ ከሚያገኙት ላይ ቆርሰው እንደሚልኩ ሁላችንም እናውቃለን። «ሕጉ የሴት ወገን ነው» የሚለው ወንድማችን እንግዲህ ሕጉን ሳያነብ የፈረደ ይመስለኛል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ይህ ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል እየተመላለሰ የሚሄድ ነው። ዛሬ ወላጅ ለልጁ ይሰጣል፤ ነገ ወላጅ ሲደክም ልጅ ይሰጠዋል። ሽማግሌዎቻችን «ጧሪ ቀባሪ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በስተርጅና የሚጦረኝ ልጅ አለኝ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው፣ ያው ልጅ ጡት በጣለበት ዘመን ምን በልቶ እንዳደገ ቢጠየቅ ሊቆጣ አይገባውም።

ይህ ሕግ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰም ማስታወስ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብዙ ነገሩ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ለአንድ ዓይነት ልጅ ግን በሩን ዘግቶበት ነበር። ከጋብቻ ወይም ሕጉ ከሚያውቀው አብሮ መኖር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ አባቱ ወድዶ ካልተቀበለው በቀር በሕግ ፊት ያለችው እናቱ ብቻ ነበረች። አባትነት በፍርድ ይታወቅልኝ ብሎ ለመክሰስ የሚቻለው በጠለፋ ወይም በአስገድዶ መድፈር ጊዜ ብቻ ነበር። በሰፈር «ዲቃላ» እየተባለ የሚሰደበው ልጅ በፍርድ ቤትም ደጃፍ እንዲሁ ባዳ ነበር ማለት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋራ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ ልጆችን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የልጁ ጥቅም እንዲቀድምም አዘዘ። የ1992ቱም ሕግ ይህንኑ ተከትሎ የአባትነት ክስ የሚቀርብባቸውን ምክንያቶች አበዛ። በጋብቻ ተስፋ የተታለለች፣ ከሰውየው ጋራ አብራ የኖረች፣ በእጁ የጻፈው ደብዳቤ ያላት ሁሉ ልጇን ይዛ ለመቅረብ ቻለች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

አሁን ወደ መኝታ ክፍላችን ክርክር ልመለስ። በዚያ ሌሊት በአባቶች በኩል የቀረቡት አቤቱታዎች አራት ነበሩ፤ በየተራ እመልሳለሁ፤ እውነት ያለበትንም አልደብቅም።

አንደኛው «ገንዘቡን እናትየዋ ትበላዋለች» የሚለው ነው። እንግዲህ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለልጁ የተለየ ጣሪያ፣ ለእናቲቱም የተለየ ጣሪያ አይሠራም። የቤት ኪራዩ አንድ ነው። ሽሮው የሚሠራው በአንድ ድስት ነው። መብራቱም የሚበራው ለሁለቱ ነው። እናቲቱ ከዚያው ድስት ብትቀምስ የልጁን ገንዘብ በላች ሊባል ነውን? ደግሞም በዚያ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ነገር አለ። ልጁ በሌሊት ሲያተኩሰው የነቃው ማን ነው? ከሥራ ቀርቶ ሐኪም ቤት የተሰለፈውስ? አባት በብር የሚከፍለውን እናት በቀንና በሌሊት ትከፍለዋለች፤ የእርሷ ክፍያ ደረሰኝ የለውም እንጂ። ሆኖም ገንዘቡ ለምን እንደ ዋለ ለማወቅ የሚፈልግ አባት አጥፍቷል አልልም። የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ፣ የቀረውን ለእናቲቱ እንዲከፍል በስምምነት መወሰን ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ስምምነት ጥርጣሬን ያስቀራል።

ሁለተኛው «ልጄን ሳላይ አልከፍልም» የሚለው ነው። በዚህ ላይ የምናገረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በዚያ ሌሊት ዝም ያሰኘኝም ይኸው ነው። እኔ ራሴ የቀለብ ልጅ ነኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ፍርድ ቤት መጠነኛ ገንዘብ ወሰነልኝ፤ ለአንድ ዓመት ያህል መጣ፤ ከዚያ በኋላ ተቋረጠ። አባቴን ሲጠይቁት «ልጁን ስለምትከለክለኝ ነው» ይል ነበር። እናቴን ሲጠይቋት «ስለማይከፍል ነው» ትል ነበር። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም ግን እኔን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ገንዘቡንም እፈልጋለሁ፣ አባቴንም እፈልጋለሁ ባልሁ ነበር። በትምህርት ቤት በየማለዳው ስም ሲጠራ የሚጠራው ከነአባት ነው። በዓመት አንድ ቀን የማላየውን ሰው ስም ከስሜ አስከትዬ በየቀኑ «አቤት» ስል አድጌአለሁ።

ስለዚህ መጠየቅና መጎብኘት አንድ መብት፣ ቀለብም ሌላ መብት ነው፤ የሁለቱም ባለቤት ልጁ ነው። አንዱን መብቱን ስለ ነሡት ሌላውን እንነሣው ማለት፣ ምሳውን ስለ ከለከሉት እራቱንም እንከልክለው እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ፍትሕ ለሁለቱም ወገን መሆን አለበት። ቀለብ የሚያስከፍል ፍርድ ቤት ልጁ አባቱን እንዲያይ የሰጠውንም ትእዛዝ በዚያው ብርታት ማስፈጸም ይገባዋል። ልጅን በቂም የምትደብቅ እናት የምትቀማው ባሏን ሳይሆን ልጇን ነው።

ሦስተኛው «ሕጉ የሚይዘው ደመወዝተኛውን ብቻ ነው» የሚለው ነው። ይህ አቤቱታ እውነት ነው፤ ልንክደው አንችልም። የመንግሥት ሠራተኛው ወይም አስተማሪው ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ አንዲት ደብዳቤ ትበቃዋለች። ነጋዴው ግን «ከስሬአለሁ» ይላል፤ ሾፌሩ «መኪናው የሌላ ሰው ነው» ይላል፤ ደላላው ገቢው በምላሱ ላይ ስለ ሆነ ማን ቆጥሮ ያውቀዋል? ሕጉም ዳኛው የሚመራበትን የመጠን ሰንጠረዥ አላስቀመጠም። በዚህ ምክንያት ገቢያቸውና የልጆቻቸው ቁጥር እኩል የሆነ ሁለት አባቶች በሁለት ችሎት ሁለት የተለያየ ፍርድ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። የተበደልሁ ስሜት የሚያድርበት አባት ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የራሱን ውሳኔ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱንም ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ግን ደመወዝተኛውን መልቀቅ ሳይሆን ነጋዴውንም መያዝ ነው።

አራተኛው አቤቱታ በክርክር መልክ ሳይሆን በተረት መልክ የመጣ ነው፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አሉ። ይህ አባባል ለደኻ ወላጅ መጽናኛ ሆኖ የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን የዕዳ መሰረዣ ሆኗል። ዕድል የቤት ኪራይ ሲከፍል አላየሁም። በዕድሉ አደገ የምንለው ልጅ ሁሉ ሲጠና፣ ልብስ ስታጥብ የኖረች እናት፣ ከጡረታዋ የቆረሰች አያት ወይም ትምህርቱን ያቋረጠ ታላቅ ወንድም ከኋላው ይገኛል። ዕድል የምንለው የእነርሱን ትከሻ ነው።

እስካሁን ሕጉን ከተቃዋሚዎቹ ስከላከል ቆየሁ። አሁን ደግሞ ሕጉን ራሱን ልጠይቅ፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የልጁ ነው ካልን በሕጉ ውስጥ ከዚህ አሳብ ጋራ የሚጣሉ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሦስት ወሩ ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የነበረና በኋላም የተደገመ አንድ ድንጋጌ አለ፤ ጊዜው ከደረሰ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀና ያልተወሰደ ቀለብ፣ ለተቀባዩ ኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም ይላል። አሳቡ ይገባኛል፤ ቀለብ ለዕለት ኑሮ እንጂ ለማጠራቀም ስላልሆነ፣ ሳይጠይቅ የቆየ ሰው አላስፈለገውም ማለት ነው የሚል ነው። ይህ ለጎልማሳ ሰው ይሠራ ይሆናል። ልጅ ግን ራሱ አይጠይቅም፤ የሚጠይቅለት ሌላ ሰው ነው። እናቴ መጠየቅ የተወችው ሳያስፈልገን ቀርቶ አይደለም። ወደ ፍርድ ቤት በሄደች ቁጥር የቀን ሥራዋን ትቀራለች፤ የመኪና ትከፍላለች፤ ማመልከቻ ለሚጽፍላት ትከፍላለች፤ ቀጠሮ ተሰጥቷት ትመለሳለች። አንድ ቀን ቁጭ ብላ ስትደምረው የምታወጣው ከምታስመልሰው በለጠ። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከሦስት ወር በኋላ ያ የእኔ ገንዘብ በሕግ ዓይን ያላስፈለገኝ ገንዘብ መሰለ። አስፈላጊ እንደ ነበረ ታስረዳ ይባል ይሆናል፤ ለማስረዳትም እኮ መጀመሪያ ወደዚያው ደጃፍ መመለስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የብሩ ዋጋ ነው። ፍርዱ የሚጻፈው በብር ቁጥር ነው፤ ልጁ የሚበላው ግን ቁጥሩን አይደለም። አንድ ልጅ የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ የተወሰነለት ገንዘብ ትምህርት ቤት ሲገባ ያው ይሆናል፤ ጤፉና ዘይቱ ግን እንደዚያው አይጠብቁትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ ወዲህ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደ ወረደ እያንዳንዳችን ከገበያ እናውቀዋለን። ውሳኔው ይሻሻል ዘንድ ማመልከት ይቻላል ብያለሁ፤ ነገር ግን ማመልከቱ የወደቀው በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ነው። ዝም ባለች ቁጥር ገንዘቡ በየዓመቱ ያንሳል፤ አባትየውም ምንም ሳያጠፋ ዕዳው ይቀልለታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስገርመኝ ነው። ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ አባትነት በፍርድ ቤት ከሚታወቅባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ በልጁ እንክብካቤና አስተዳደግ መካፈሉ ነው። ይህ በራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን በሰፈር እንዴት እንደሚተረጎም ተመልከቱ። «ወተት እንዳትገዛለት፣ ማስረጃ ይሆንብሃል» የሚል ምክር በጓደኛሞች መካከል ሲሰጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የራራው ሰው ተከሳሽ፣ ፊቱን ያዞረው ሰው ነጻ የሚሆን ከመሰለ፣ ሕጉ ሳያስበው ጭካኔን ያስተምራል። ዛሬ ግን በሕክምና ምርመራ አባትነትን በእርግጠኝነት ማወቅ ይቻላል፤ ሕጉም የተከሰሰው ሰው አባት አለመሆኑን በደም ምርመራ ወይም በሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ እንዲያስረዳ ይፈቅድለታል። እንግዲያው ይኸው ምርመራ ለደኻዪቱም እናት እንዲደርስ፣ ወጪውንም መጀመሪያ መንግሥት እንዲሸፍነው ቢደረግ፣ የወተቱ ማስረጃነት ይቀራል፤ ወተቱም ለልጁ ይደርሳል።

«ታዲያ ወኅኒ አለ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክለውን በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። እያለው በትዕቢት ለሚከለክል ሰው ይህ ይገባዋል። ለሌላው ግን መጨረሻ የሚመዘዝ ሰይፍ መሆን አለበት፤ የታሠረ አባት ልጁን አይቀልብም፤ እንዲያውም እርሱ ራሱ ስንቅ አቀባይ ይፈልጋል።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ላይ ቀድመውን ሄደዋል፤ ከመልካሙም ከስሕተታቸውም መማር ይቻላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ቀለብ የሚያስከፍል አንድ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ስሌቱ የተወሳሰበ ሆነ፤ ውዝፉ ተከማቸ፤ ሕዝቡም አማረረ። ከምሬቱ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። እናቲቱ ከመንግሥት የድኾች መደጎሚያ የምትቀበል ከሆነ፣ አባትየው በከፈለው ልክ መደጎሚያዋ ይቀነስ ነበር። አባት ከፈለ፤ ልጁ ግን አንዲት ሳንቲም አልጨመረለትም። እንዲህ ከሆነ አባት ለምን ይክፈል? እናትስ ለምን ትጠይቅ? ያ መሥሪያ ቤት ከ2012 ጀምሮ በሌላ ተተክቷል። ገንዘቡ የልጁ መሆኑን የሚረሳ ሕግ የማንንም ልብ እንደማያገኝ ከዚህ እንረዳለን።

ስዊድን ግን እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ ጀመረች። አባት ባይከፍል መንግሥት ለልጁ አስቀድሞ ይከፍልና ገንዘቡን ኋላ ከአባትየው ያስመልሳል። ጀርመንም ከ1980 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ በ2017ም አሻሽላ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲዘልቅ አድርጋዋለች። በዚህ አሠራር ልጁ እስኪያድግ ድረስ ባለዕዳ እያሳደደ አይኖርም። ባለዕዳውን የሚያሳድደው ጉልበት ያለው መንግሥት ነው።

«እነርሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ከየት አምጥተን?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን እኛ በዚህ ግቢ ውስጥ የምንኖር ተማሪዎች ይህን ከመናገራችን በፊት የምንበላበትን ሳህን እንመልከት። ብዙዎቻችን የምንበላው፣ የምንተኛውና የምንማረው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ውል ነው። መንግሥት ዛሬ ይከፍልልናል፤ ነገ ሥራ ስንይዝ ከገቢያችን ያስመልሳል። አስቀድሞ መክፈልና በኋላ ማስመለስ የሚባለውን ጥበብ እንግዲህ አገራችን ከስዊድን መበደር አያስፈልጋትም፤ በእኛ ላይ ታውቀዋለች። ለሃያ ዓመት ጎልማሳ የተቻለው ነገር ለሦስት ዓመት ሕፃን በጥቂቱም ቢሆን ሊጀመር የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ አሳቤን በአጭሩ ላቅርብ። ዳኞች የሚመሩበት የቀለብ መጠን ሰንጠረዥ ይውጣ፤ ዳኛውም በምክንያት ካልሆነ በቀር ከዚያ አይውጣ። የተወሰነው ገንዘብ ማንም ሳያመለክት በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋራ ይስተካከል። የሦስት ወሩ ገደብ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን እንዳይመለከት ይደረግ። የንግድ ፈቃድና የግብር መዝገብ ከፍርድ ቤቱ ጋራ ተገናኝቶ የነጋዴውም ገቢ እንደ ደመወዝተኛው ይታይ። መንግሥትም ቢያንስ ለሕፃናትና ለሕመምተኛ ልጆች አስቀድሞ እየከፈለ ከባለዕዳው የሚያስመልስበት መጠባበቂያ ያቋቁም።

ከመንግሥት በፊት ግን እኛም ልንሠራው የምንችለው አለ። የሕግ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለድኾች በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው። ለአንዲት እናት የማሻሻያ ማመልከቻ መጻፍ ለሕግ ተማሪ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ለእርሷ ግን የብዙ ቀን ገቢ ነው። የኤኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ ተማሪዎችም በየከተማችን አንድን ልጅ ለአንድ ወር ማኖር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከገበያው ቆጥረው ቢያቀርቡ፣ ያ የጎደለው ሰንጠረዥ መነሻ ይሆናል።

በመጨረሻም ለወንድሞቼ አንድ ከባድ ቃል አለኝ። ይህ ጉዳይ የሽማግሌዎች ወይም የባለትዳሮች ብቻ አይደለም። ከዚህ ግቢ አርግዘው ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ አገራቸው የተመለሱ እኅቶች አሉ፤ ከእነርሱ ጋራ የነበሩት ወንድሞች ግን ከእኛ ጋራ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፤ ፈተናቸውንም ይወስዳሉ። «ተማሪ ነኝ፤ ገቢ የለኝም» የሚለው መልስ በዛሬው ሚዛን ገንዘቡን ይቀንስ ይሆናል፤ አባትነቱን ግን አይሰርዘውም። ሕጉ ቀለብን ከአያቶችም ስለሚጠይቅ፣ ልጁ የሸሸበት ዕዳ አንድ ቀን እርሻውን ሸጦ ያስተማረውን ሽማግሌ አባት ደጅ ሊመታ ይችላል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል ሰምተናል፤ የልጅ ዕዳ ለአባት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ገንዘብ ለሌለው ሰውም ቢሆን የሚሰጠው አያጣም፤ «የእኔ ነው» ብሎ በክብር መዝገብ ሹም ፊት መፈረም ሳንቲም አይጠይቅም። የቀረውን ሥራ ሲይዝ ይደርስበታል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ያንን ጓደኛችንን ፈልጌ የወንድሙን ልጆች ስም ጠየቅሁት። ነገረኝ፤ እዚህ መጻፍ ግን አይገባኝም። ትልቋ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ በሳል ስለሚታመም ክረምቱን አይወደውም። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ እንደዚያች ሌሊት አልነበረም። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ስንት ነበር የተቆረጠው?» ብሎ ራሱን ጠየቀና ለሁለት ማካፈል ጀመረ። አካፍሎ ሲጨርስ ወንድሜ ተበደለ የሚለውን ቃል አልደገመውም።